ኮከብ ቀላቢ ብቻውን ቡድን ያነሣል? ስለ ኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ) ሪሲቨሮች ጥያቄና መልስ

አብዛኛውን ምሳሌ የወሰድኩት ከሚኒሶታ ቫይኪንግሱ ጀስቲን ጄፈርሰን ነው። ኮከብ ሪሲቨር (ኳስ ቀላቢ) ለቡድን የሚሰጠውም የማይሰጠውም እሱ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ጥያቄ፦ እኔ ያደግሁት በእግር ኳስ ነው። ሪሲቨር ማለት አጥቂ ማለት ነው?

ይቀራረባሉ። ልዩነቱ፣ አጥቂ ኳስ ሲጠፋበት ወደ መሐል ወርዶ ይቀበላል፤ ሪሲቨር ግን ይህን ማድረግ አይችልም። ኳሱ መጀመሪያ ኳርተርባኩ (ወርዋሪው) እጅ ይገባል፣ አምስት የመስመር ሰዎች ይከልሉታል፣ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3 ሰከንድ ባለው ጊዜ መወርወር አለበት። ቀላቢው የፈለገውን ያህል ጎበዝ ቢሆን እንጀራው ያለው በእነዚያ ስድስት ሰዎች እጅ ነው። ይህን ከያዝክ የቀረው ቀላል ነው።

ጥያቄ፦ ጄፈርሰን አንዳንድ ቀን ሦስት ኳስ ብቻ ቀልቦ ይወጣል። ያን ቀን ተኝቷል እንበል?

ከመፍረድህ በፊት ሴፍቲዎቹ (ከሁሉም ኋላ የሚቆሙት ተከላካዮች) የት እንደቆሙ እይ። የሚከላከለው ቡድን 11 ሰው ነው ያለው። ጄፈርሰን ላይ አንድ ኮርነርባክ (ቀላቢን የሚይዝ ተከላካይ፣ ባጭሩ ኮርነር) ከፊት፣ አንድ ሴፍቲ ከኋላ ይመደባል። ሁለተኛው ሴፍቲም ወደ ኋላ ከቀረ፣ ሌሎቹን ቀላቢዎች የሚይዙት ሁለት ኮርነሮች ሲቀነሱ ኳሱ ፊት ለፊት የሚቀሩት ስድስት ናቸው። ቫይኪንግስ ደግሞ አምስት የመስመር ሰውና አንድ ታይት ኤንድ (የሚከልልም የሚቀልብም ተጫዋች) አለው። ስድስት ለስድስት ማለት ነው፤ ኳስ ይዞ የሚሮጠውን የሚይዝ ትርፍ ሰው የለም። ፊት ለፊት ስምንት ቢሆኑ 2 ያርድ የሚከብደው ሯጭ እዚህ ላይ 5 እና 6 ያርድ ይወስዳል። ያ ያርድ በሯጩ ስም ይመዘገባል፤ መንገዱን የከፈተው ግን ኳስ ሳይነካ ሁለት ሰው ይዞ የሄደው ጄፈርሰን ነው።

ችግሩ የቴሌቪዥን ካሜራ ሴፍቲዎቹን ቶሎ አያሳይም። ኳሱ ከመነሣቱ በፊት ከ10 ያርድ በላይ ወደ ኋላ ያፈገፈገ ስንት ሰው እንዳለ ቁጠር። ሁለት ከሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ኮከቡን ፈርተዋል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ አሠልጣኙ ከሁለት ሰው ጥበቃ እንዴት ያስመልጠዋል?

ዋናው መላ የሚቆምበትን ቦታ መቀያየር ነው። ሕጉ ተከላካይ ቀላቢውን በመጀመሪያዎቹ 5 ያርዶች ውስጥ እንዲገፋው ይፈቅዳል፤ ከዚያ ካለፈ ቅጣት ነው። ቀላቢው መስመሩ ላይ ከቆመ ገና ሲነሣ ደረቱን ይመቱታል፤ አንድ ያርድ ወደ ኋላ ካፈገፈገ ግን ለመታጠፍ ቦታ ያገኛል። አጥቂው ቡድን ግን ቢያንስ ሰባት ሰው መስመሩ ላይ ማቆም ስላለበት፣ እሱ ሲያፈገፍግ ሌላ ሰው ወደ ፊት መውጣት ይኖርበታል።

ሁለተኛው ሞሽን ነው፤ ኳሱ ከመነሣቱ በፊት ወደ ጎን ማስሮጥ። ተከላካዩ ተከትሎት ከሮጠ ጥበቃው ሰው ለሰው ነው፣ ካልተከተለው በቦታ ነው። ኳርተርባኩ ምንም ሳይጫወት መልሱን አገኘ። ኳሱ በሚነሣበት ቅጽበት መንቀሳቀስ የሚችለው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ወደ ፊት መሄድ የለበትም፤ ይህን መጣስ 5 ያርድ ያስቀጣል። ሦስተኛው ስሎት ነው፣ ወደ ውስጥ ገብቶ መቆም። እዚያ የጎን መስመሩ ስለሚርቅ በሁለቱም በኩል ማምለጥ ይችላል። ኬቨን ኦኮነል ሚኒሶታን ከመያዙ በፊት በ2021 ራምስ ውስጥ የኦፌንስ (የማጥቃት) አስተባባሪ ነበር፤ በዚያ ዓመት ኩፐር ከፕ በዚሁ ዘዴ 1,947 ያርድ ሰብስቦ ሱፐር ቦውል (የሊጉን ዋንጫ) በልቷል።

የሚበላሸው ደግሞ ኳርተርባኩ ኮከቡን ብቻ ማየት ሲጀምር ነው። ሴፍቲው ዓይኑን ይከተላል፣ ኳሷን ይጠልፋታል።

ጥያቄ፦ አንድ ጊዜ ብቻ አይቼው ትልቅነቱን ልረዳ ብል የቱን ልይ?

ኅዳር 2015 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆቹ ኖቬምበር 13 ቀን 2022) ከቡፋሎ ቢልስ ጋር የተደረገውን። አራተኛና የመጨረሻ ሙከራ፣ 18 ያርድ ይቀራል፣ ካልተሳካ ጨዋታው አለቀ። ኳሷ ከፍ ብላ መጣች፣ ተከላካዩ ሁለት እጁን አሳረፈባት፣ ጄፈርሰን ወደ ኋላ ተዘርግቶ በአንድ እጁ ከመሐሉ መነጨቃት። 32 ያርድ። ሚኒሶታ በተጨማሪ ሰዓት 33 ለ 30 አሸነፈ። በጥሩ ሥልት የመጣ ኳስ አልነበረም፤ ለሌላ ሰው ቢወረወር ይጠለፍ ነበር።

ጥያቄ፦ በ2023 ሲጎዳ ቡድኑ አልወደቀም። እንዲያውም ተሻለው። ይህን እንዴት ታየዋለህ?

ጥሩ አስተዋልክ። በ5ኛው ሳምንት ቋንጃው ተጎድቶ 7 ጨዋታ አመለጠው፤ ያለ እሱ 5 አሸንፈው 2 ተሸነፉ። እሱ በተሰለፈባቸው 10 ጨዋታዎች ግን 2 አሸንፈው 8 ተሸነፉ። ከዚህ ተነሥቶ «ሸክም ነበር» የሚል ሰው ቁጥሩን ብቻ ነው ያነበበው። መጀመሪያ ላይ ኳስ ከእጃቸው እየወደቀ ነበር የሚሸነፉት። እሱ ሲመለስ ደግሞ ኳርተርባኩ ከርክ ከዝንስ አልነበረም፤ በ8ኛው ሳምንት ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያለው ጅማት ተበጥሶ ነበር። በዚያ ዓመት አራት የተለያዩ ኳርተርባኮች ጨዋታ ጀምረዋል። እንዲያም ሆኖ ጄፈርሰን በ10 ጨዋታ 1,074 ያርድ አግኝቷል። ቀላቢው አልቀነሰም፣ ወርዋሪው ጠፋ እንጂ።

ጥያቄ፦ እኛ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለነው የዋሽንግተን ኮማንደርስ ደጋፊዎች ነን። የእኛ ቀላቢ ቴሪ መክሎሪንስ?

ለዚህ ጉዳይ ከእሱ የተሻለ ማስረጃ የለም እህቴ። በ2023 79 ኳስ ቀልቦ 1,002 ያርድ አገኘ፣ ተችዳውኑ (ኳስ ይዞ የግብ ክልል መግባት) 4 ነበር፣ ቡድኑ 4 አሸንፎ 13 ተሸነፈ። በ2024 ኳርተርባኩ ጄደን ዳንኤልስ መጣ፤ መክሎሪን 82 ኳስ፣ 1,096 ያርድ፣ ተችዳውን ግን 13! ቡድኑ 12 አሸንፎ እስከ ኮንፈረንሱ ፍጻሜ ደረሰ። ሰውየው ያው ነው፣ ያርዱም ያው ነው ማለት ይቻላል። ለአምስት ዓመት እዚያው ላንድኦቨር እየቀለበ ሲጠብቅ ነበር።

ጥያቄ፦ በዓመት 35 ሚሊዮን ዶላር ለአንድ ቀላቢ አይበዛም?

ጄፈርሰን በ2024 የፈረመው ለ4 ዓመት 140 ሚሊዮን ነው፣ 110 ሚሊዮኑ ዋስትና ያለው። የዚያ ዓመት የደመወዝ ጣሪያ ለአንድ ቡድን 255.4 ሚሊዮን ነበር፤ አማካዩ ወደ 14 በመቶ ይጠጋል። ሆኖም ጣሪያው ላይ የሚቆጠረው በየዓመቱ እኩል አይደለም። ለፊርማ የሚከፈል ገንዘብ እስከ 5 ዓመት ይከፋፈላል፤ 50 ሚሊዮን ዛሬ ከሰጠኸው በሒሳብ በዓመት 10 ብቻ ይያዝብሃል። ወጥመዱ እዚህ ነው፦ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ብትሸጠው የቀረው 30 ሚሊዮን አንድ ላይ ይመጣብሃል፣ ተጫዋቹ ሳይኖር። የሞተ ገንዘብ የሚሉት ይህን ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ለቀላቢ ትልቅ ገንዘብ መክፈል የሚያዋጣው ኳርተርባኩ ገና በጀማሪ ደመወዝ ላይ ሳለ ነው። ሁለቱም ሲወደዱ የሚራበው የመስመሩ ሰው ነው። መስመር ሲሳሳ ምን እንደሚሆን ሚኒሶታ በ2024 አይታለች፤ 14 አሸንፋ 3 ተሸንፋ ፕሌይኦፍ (የጥሎ ማለፍ ዙር) ገብታ በራምስ 27 ለ 9 ተሸነፈች፣ ኳርተርባኳ ሳም ዳርኖልድ 9 ጊዜ ኳስ እንደያዘ ተጣለ። ጄፈርሰን ጫፍ ላይ ነጻ ቢሆን እንኳ ማን ይወርውርለት?

ጥያቄ፦ ከመክፈል መሸጥ አይሻልም?

ቺፍስ በ2022 ቀላቢያቸውን ታይሪክ ሂልን ለማያሚ በአምስት የድራፍት ምርጫ (አዲስ ተጫዋች የመምረጥ ተራ) ሸጠው ተከታታይ ሁለት ሱፐር ቦውል በሉ። ግን ኳርተርባኩ ፓትሪክ ማሆምስና ታይት ኤንዱ ትራቪስ ኬልሲ እዚያው ነበሩ። በዚያው ወር ፓከርስ ቀላቢያቸውን ዳቫንቴ አዳምስን ሸጡ፣ ኳርተርባኩ አሮን ሮጀርስ እያላቸው 8 አሸንፈው 9 ተሸነፉ። ማሆምስ የሌለው ቡድን የቺፍስን መንገድ ባይሞክር ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ በያርድ መሪ የሆነ ሰው ያለው ቡድን ለምን ሁልጊዜ አያሸንፍም?

ብዙ ያርድ አንዳንዴ የሽንፈት ምልክት ስለሆነ። ቡድን ሲመራ ሰዓት ለመግደል ይሮጣል፣ ወደ ኋላ ከቀረ ደግሞ ይወረውራል። ካልቪን ጆንሰን በ2012 1,964 ያርድ ያስመዘገበው ዲትሮይት 4 አሸንፎ 12 በተሸነፈበት ዓመት ነው። ጃማር ቼዝ በ2024 በኳስ ብዛት፣ በያርድና በተችዳውን ሦስቱንም መርቶ ሲንሲናቲ 9 አሸንፎ 8 ተሸንፎ ፕሌይኦፍ አልገባም።

ጥያቄ፦ ከያርድ ይልቅ የትኛውን ቁጥር ልመልከት?

ያርዱን ለቅብብል በሮጠባቸው ጊዜያት ብዛት አካፍል። 400 ጊዜ ሮጦ 1,000 ያርድ ካገኘ 2.5 ነው፣ ያ የኮከብ ቁጥር ነው። 2 ጥሩ ነው። ከ1.5 በታች የሆነ ሰው ሁለት ተከላካይ አይመደብለትም፤ ሴፍቲውም ወደ ፊት መጥቶ ሯጭህን ይጠብቃል።