223 ወይስ 308? ለዱር አሳማ የሚሆን ጠመንጃ

ጠያቂው ወንድማችን ዳላስ አካባቢ ነው የሚኖረው። የሥራ ባልደረባው እርሻ ላይ የዱር አሳማ እንዲያድን ጋብዞታል። የመጀመሪያ ጠመንጃውን ሊገዛ ነው። 223 እና 308 የጥይት መጠን (ካሊበር) ስሞች ናቸው። አንዱ «223 ይበቃሃል» ይለዋል፣ ሌላው «ከ308 በታች እንዳትሞክር»። ማንን ልስማ ይላል።

አንድ ጠመንጃ ብቻ የምትገዛ ከሆነ 308 ግዛ። 223 ቀድሞ ያለህ ከሆነ ግን አትሽጠው፤ ጥይቱን ቀይር።

አሳማ እንደ አጋዘን አይደለም። አውራው ትከሻውና ጎድኑ ላይ፣ ከቆዳው ሥር፣ ወፍራም ጋሻ አለው። አንድ ትልቅ አውራ ስንገፍ ቢላዬ ወርቹ ጋ ሲደርስ አልገባም አለኝ፤ የጫማ ሶል የምትቆርጥ ነው የሚመስልህ። ከዚያው ውስጥ የሌላ አዳኝ አሮጌ የጥይት እርሳስ ወጣ። ቁስሉ ድኖ ዙሪያው ጠጥሯል። ሰውዬው መትቶታል፣ አሳማው ግን ኑሮውን ቀጥሏል!

ስቡም ሌላ ጣጣ ነው። ጥይቷ ገብታ ካልወጣች ስቡ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ደም አይንጠባጠብም። አሳማው ጥሻ ውስጥ ይገባና አንተ በጨለማ ባትሪ ይዘህ ትፈልጋለህ። የቆሰለ አውራ ክራንቻ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ስለዚህ የምትፈልገው በወዲያኛው ጎን በስታ የምትወጣ ጥይት ነው።

308 የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። የተለመደው እርሳሱ 150 ግሬይን (የጥይት ክብደት መለኪያ) ነው፣ ወደ 10 ግራም ገደማ። የ223 ደግሞ 55 ግሬይን፣ 3.6 ግራም። ከአፈሙዝ ሲወጡ የ308 ጉልበት እጥፍ ነው። ከ1952 ጀምሮ ገበያ ላይ ስላለ ጥይቱ በየሱቁ ይገኛል። ክፋቱ ትከሻ ይመታል። ምቱን ፈርተህ ዓይንህን ጨፍነህ ቃታ የምትስብ ከሆነ 308 ምንም አይፈይድልህም። 243 የሚባለው ካሊበር በ100 ግሬይን እርሳስ ወይም 6.5 ክሪድሞር የሚባለው ይሻልሃል፤ ሁለቱም አሳማ ይጥላሉ።

223 ለመተኮስ ይመቻል፣ መንጋ ሲመጣም ቶሎ ቶሎ ያስተኩሳል። ለዒላማ ልምምድ የሚሸጠውን፣ እስከ ጫፉ መዳብ የለበሰውን ጥይት ግን ተወው፤ ሳይከፈት ቀጥ ብሎ ያልፋል። ለትንንሽ አውሬ የተሠራው ስስ እርሳስ ደግሞ ጋሻው ላይ ይበተናል። 62 ግሬይን አካባቢ የሆነ፣ ለትልቅ እንስሳ አደን የተሠራ ፈልግ።

አገር ቤት ክላሽ የለመደ ሰው «የክላሽ ጥይትስ?» ማለቱ አይቀርም። ይሆናል። 123 ግሬይን፣ ጫፉ እርሳስ የሆነው፣ ከ130 ሜትር ወዲህ በደንብ ይሠራል። 300 ብላክአውት የሚባለውን ካሊበር በድምፅ ማፈኛ የሚወዱ አሉ። እኔ ከድምፅ ፍጥነት በታች የሚሄደውን ጥይት ለትልቅ አውራ አላምነውም፤ ጉልበቱ የሽጉጥ ነው። ፈጣኑን 110 ግሬይን ከሆነ እሺ።

ከካሊበሩ በላይ የሚወስነው የምትመታበት ቦታ ነው። የአሳማ ልብ ከአጋዘን ይልቅ ዝቅ ብሎ ወደ ፊት ነው ያለው። እንደ አጋዘን ከወርቹ ኋላ ብትተኩስ ጉበት ወይም አንጀት ነው የምታገኘው። ጎኑን ሲሰጥህ የፊት እግሩን መስመር ይዘህ ወደ ላይ ውጣ፣ የሰውነቱ ታችኛ ሲሶ ላይ ቁም። እዚያ።

ስለ ሕጉ ባጭሩ፦ ቴክሳስ ውስጥ ከሴፕቴምበር 2019 ጀምሮ በግል መሬት ላይ፣ ባለቤቱ ከፈቀደ፣ ለዱር አሳማ የአደን ፈቃድ አያስፈልግም። ግሪን ካርድ ካለህ አታስብ። በተማሪ ወይም በጊዜያዊ የሥራ ቪዛ ያለ ሰው ግን ይጠንቀቅ። የፌዴራል ሕጉ ጠመንጃ እንዳይዝ ይከለክለዋል፤ ከክልከላው ከሚያስወጡት ጥቂት ነገሮች አንዱ የአደን ፈቃድ ነው። ስለዚህ ለአሳማው ባያስፈልግም ለራሱ ብሎ ያውጣ።

ሥጋውን እኔ አልበላም፤ ሃይማኖቴም ሆዴም አይፈቅዱም። ባለ እርሻው ይወስደዋል። ብትበላም ባትበላም ስትገፍ ጓንት አድርግ፣ ብሩሴሎሲስ ከደሙ ይተላለፋል። የምትበላ ከሆነ ደግሞ በደንብ ይብሰል።

እስቲ ቦታውን ሄደህ እየው። አሳማውን ለመሳብ በቆሎ ከሚበተንበት እስከ መቀመጫህ ስንት ሜትር እንደሆነና ማታ ወይም ቀን እንደምትወጣ ጻፍልኝ፤ ስለ ጠመንጃው ማነጣጠሪያ መነጽር ያኔ እናወራለን።