መልስ፦ የመሬት ክብደት ስሌት ለምን አነሰብኝ?

5.96 × 10¹⁸ ኪሎ ግራም የመጣብህ የመሬትን ሬዲየስ (ከመሃሏ እስከ ገጽዋ ያለውን ርቀት) በሜትር ፋንታ በኪሎ ሜትር ስላስገባኸው ነው። ሬዲየሱ በራሱ ስለሚባዛ የ1,000 እጥፍ ስህተት 1 ሚሊዮን እጥፍ ሆኖ ይወጣል።

1. 6,371 ኪሎ ሜትሩን ወደ 6,371,000 ሜትር ቀይረህ በራሱ አባዛው።
2. ውጤቱን በ9.8፣ ማለትም በመሬት ገጽ ላይ ስበት በሚሰጠው የፍጥነት ጭማሪ (በሜትር በሰከንድ ስኩዌር) አባዛ።
3. ያገኘኸውን ለስበት ቋሚው፣ ማለትም ለ6.674 × 10⁻¹¹ አካፍል።

5.96 × 10²⁴ ኪሎ ግራም ይመጣል። በ9.8 ፋንታ 9.82 ብታስገባ መጻሕፍት የሚሰጡትን 5.97 ታገኛለህ።

የደብረ ማርቆስን ከፍታ ሬዲየሱ ላይ ልደምር ወይ ላልከው፣ ተወው፤ 2.4 ኪሎ ሜትር ገደማ ከ6,371 አንጻር ለውጥ አያመጣም።

ፈተና ላይ ግን ተጠንቀቅ፦ ይህ መጠነ ቁስ (በኪሎ ግራም የሚለካ የቁስ ብዛት) እንጂ ክብደት አይደለም። ክብደት በኒውተን የሚለካ የስበት ኃይል ስለሆነ ከኪሎ ግራም ጋር አብረህ አትጻፈው፤ ስሌቱ ልክ ሆኖ እንኳ ነጥብ የሚያስቀንሰው ይኸው ነው።