ነሐሴ ላይ ሐረር ሲወጡ የሚብሰው የጉልበት ቁርጥማት

እህቴ፣ እናትሽ ድሬዳዋ ደህና ከርመው ነሐሴ ላይ አንቺ ጋ ሐረር ሲወጡ በማግስቱ ጠዋት ጉልበታቸውን እንደሚቆረጥማቸው ጽፈሽ፣ «የቤቱ እርጥበት አጥንታቸው ገብቶ ይሆን?» ብለሻል። እርጥበት አጥንት ውስጥ አይገባም። ሕመሙ ግን እውነተኛ ነው።

«የአየር ግፊቱ ነው» ያሉሽም ጨርሰው አልተሳሳቱም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ጥናት እርጥበት በበዛበት፣ ግፊት በቀነሰበትና ነፋስ በበረታበት ቀን ሕመም በመጠኑ እንደሚጨምር አሳይቷል። ነገር ግን ድሬዳዋ 1,200፣ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። የደንገጎን ዳገት ወጥተው ሐረር እስኪገቡ የሚቀንሰው ግፊት ዝናብ ያዘለ ደመና ከሚቀንሰው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ነገሩ የግፊት ብቻ ቢሆን ገና መኪናው ውስጥ በጮሁ ነበር።

ስለዚህ ሌሊቱን ተመልከቺው። መንገዱን ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ፣ ማታ በረዳቸው፣ ሳይንቀሳቀሱ አደሩ። በመገጣጠሚያው መሐል ያለው፣ እንደ እንቁላል ነጭ የሚያሟልጨው ፈሳሽ ሲበርደው ይወፍራል፤ ዙሪያውን ያለው ጡንቻም ይኮማተራል።

ፍራሹ ነደባው (የሐረር ቤት መደብ) ላይ ወይም ሊሾው ላይ በቀጥታ ከተነጠፈ ጠዋት ገልብጠሽ ሥሩን ዳብሺው። ከረጠበ፣ የገላ ወበቅ ወርዶ ቀዝቃዛው ወለል ላይ ውሃ ሆኗል ማለት ነው። ፕላስቲክ ብታነጥፊ ላቡን ከሥር ያቁረዋል እንጂ አይረዳም። አልጋ ይሻላል፤ ከሌለ ከሥር አየር የሚያሳልፍ የጣውላ ርብራብ አድርጊና ፍራሹን በየጠዋቱ አቁሚው። ክፍሉን ለማሞቅ ብለሽ ግን ከሰል አታስገቢ፤ በር ተዘግቶ የማይታየውና የማይሸተው ጋዙ ይገድላል።

ማታ እጅ የሚችለው ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ሞልተሽ፣ በፎጣ ጠቅልለሽ ጉልበታቸው ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አቆዪ። የፈላ ውሃ ፕላስቲኩን ያጣምመዋል። ጉልበቱ ካበጠና ራሱ ከጋለ ሙቀት ይቅር። ስኳር ኖሮባቸው እግራቸው ከደነዘዘም አይሆንም፤ ሳይታወቃቸው ይቃጠላሉ። ጠዋት ከመነሳታቸው በፊት ጉልበታቸውን አሥር ጊዜ እያጠፉ ይዘርጉ። ከዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው አንዱን እግር ቀጥ አድርገው አንስተው እስከ 5 ይቁጠሩ፤ ለእያንዳንዱ እግር 10 ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ።

የሕመም ማስታገሻውን የዳይክሎፌናክ እንክብል ከጎረቤት ተውሶ መዋጥ እዚህ የተለመደ ነው፤ ጨጓራን ያቆስላል፣ ደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ኩላሊት ይጎዳል፤ በድሬ ሙቀት ውሃ ለጠማው ሰው ደግሞ ይብሳል። ለጉልበት መጀመሪያ የሚቀባውን ሞክሩ።

ጠዋት ጠዋት መገጣጠሚያቸው ከአንድ ሰዓት በላይ አልታዘዝ የሚላቸው ከሆነ፣ ወይም የሁለቱም እጅ ጣቶች ለሳምንታት ካበጡ፣ አየሩን ትታችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። አንድ መገጣጠሚያ ድንገት ግሎ ትኩሳት ከመጣ ደግሞ በዚያው ቀን። ልጇን «ብርድ መታው» ብላ በቅቤ የምታሽ እናት ካለችም ትስማኝ፦ ጉሮሮውን ታሞ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ሕመሙ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት የሚዞር ከሆነ ልብ የሚጎዳው የሩማቲክ ትኩሳት ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ ታሳየው።