በተከራየሁት ቤት ልብስ ስፌት ብከፍት ሕጉ ምን ይለኛል?

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ኮምቦልቻ ነው። በኢንዱስትሪ ፓርኩ በሚገኝ አንድ የልብስ ፋብሪካ በስፌት ሠራተኛነት 4 ዓመት ሠርቻለሁ። ማታ ማታና በእረፍት ቀኔ በተከራየነው ቤት የተማሪ ዩኒፎርምና መጋረጃ እሰፋለሁ። ትእዛዙ እየበዛ ስለመጣ ሥራዬን ለቅቄ፣ ሁለት የስፌት መኪናና አንድ ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ የሚዘመዝም መኪና) ገዝቼ፣ የአክስቴን ልጅም ከገጠር አምጥቼ ቤቴ ሆኜ ለመሥራት አስቤአለሁ። ባለቤቴ «ቤት ውስጥ እስከሆነ ድረስ ፈቃድም ግብርም አይመለከትሽም» ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂ፣ የባለቤትዎ አስተያየት በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ብዙ ጊዜ የምሰማው ቢሆንም ትክክል አይደለም። የንግድ ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) አንድን ሰው ነጋዴ የሚለው ሱቅ ስለከፈተ ሳይሆን፣ ሥራውን ሙያው አድርጎ ለትርፍ ስለሚሠራው ነው። ለጎረቤት አንድ መጋረጃ መስፋት ንግድ አይባልም፤ ከተማሪ ወላጆች በየጊዜው ትእዛዝ እየተቀበሉ፣ ቀብድ እየወሰዱ መሥራት ግን ጓዳ ውስጥም ቢሆን ንግድ ነው። ስለዚህ በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት መመዝገብና ፈቃድ ማውጣት ያስፈልግዎታል፤ ያለ ፈቃድ መነገድ በገንዘብም በእስራትም የሚያስቀጣ ወንጀል ነው።

ይህ ግን ከከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ተመላልሰው የሚጨርሱት ጉዳይ ነው። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ስለ መኪናው በዝርዝር ጽፈው ስለ ቤቱ «የተከራየነው» ከሚል ቃል በቀር ምንም አለማለትዎ ነው። ውሉ በጽሑፍ ነው ወይስ በቃል? ለመኖሪያ ተብሎ ነው ወይስ አገልግሎቱ ሳይጠቀስ? ለመኖሪያ የተሰጠን ቤት ያለ አከራዩ ፈቃድ ወደ መሥሪያ ቦታ መለወጥ ውሉን እንደ መጣስ ሊቆጠርና ውሉን ለማፍረስ ምክንያት ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ለተከራይ የሰጠው ጥበቃ፣ ለምሳሌ የውሉ ዘመን ከ2 ዓመት እንዳያንስ የሚለው፣ የተደነገገው ለመኖሪያ ቤት ነው፤ ሳሎኑ ወርክሾፕ ከሆነ በኋላ በዚያ ጥበቃ ለመከራከር ሲነሱ አከራይዎ «ይህ ቤት መኖሪያ አይደለም» ቢሉ መልስ ያጥርዎታል። አከራይዎ ራሳቸውም ነፃ አይደሉም። ይዞታቸው የሊዝ (መሬቱ ከመንግሥት በኪራይ የተያዘ) ከሆነ፣ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት መሬቱን ከተፈቀደለት አገልግሎት ውጭ ለማዋል ፈቃድ ይጠየቃሉ። ስለዚህ በቃል «ችግር የለም» ቢሉዎትም ካርታቸው ላይ የተጻፈውን አገልግሎት አይተው ቢወስኑ ይሻላል።

ስለ ጎረቤትም ማሰብ አለብዎ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 የንብረት ባለቤት ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት በጎረቤቱ ላይ እንዳያደርስ ይከለክላል። ኦቨርሎክ እስከ እኩለ ሌሊት የሚጮህበት የጋራ ግቢ ውስጥ ቅሬታው መጀመሪያ የሚደርሰው ለአከራይዎ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ወደ እርስዎ ይዞራሉ። የቡና ጎረቤትነት ብዙ ነገር ያስችላል፤ የልጅ እንቅልፍ ሲረበሽ ግን እሱም ያልቃል።

ሁለተኛው ጉዳይ ንብረትዎ ነው። በግለሰብ ነጋዴነት ሲመዘገቡ የንግዱ ዕዳ የእርስዎ የግል ዕዳ ነው። የዩኒፎርም ቀብድ ተቀብለው ሳያስረክቡ ቢቀሩ ወይም ለመኪና መግዣ የተበደሩትን መክፈል ቢያቅትዎ፣ ገንዘቡን የሚጠይቅዎ ሰው ከመኪናዎቹ አልፎ በሌላው ንብረትዎ ላይ ሊመጣ ይችላል። በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ገቢና የተገዛ ንብረት በመሠረቱ የጋራ ስለሆነና ለቤተሰቡ ጥቅም የተወሰደ ዕዳም የጋራ ንብረትን ስለሚነካ፣ ባለቤትዎ ብድሩንም ትእዛዙንም አስቀድመው ይወቁት። አዲሱ የንግድ ሕግ ባለአንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር (የንግዱ ዕዳ ከግል ንብረት የሚለይበት ድርጅት) ማቋቋምን ቢፈቅድም፣ ለሦስት መኪና የሚሆን አደረጃጀት አይደለም፤ ሥራው ሲሰፋ እናየዋለን።

የአክስትዎን ልጅ በተመለከተ በጥብቅ ላሳስብዎ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎትን ከተፈጻሚነቱ ውጭ ያደርጋል፤ ልጅቷ ለሽያጭ የሚሆን ልብስ ስትተኩስና ቁልፍ ስትተክል ግን ከዚያ ወጥታ ሠራተኛ ትሆናለች። ዕድሜዋ ከ15 በታች ከሆነ መቅጠር ክልክል ነው፤ ከ15 እስከ 18 ከሆነ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ማሠራት አይቻልም። በእኛ አካባቢ «ትማራለች» ተብላ መጥታ ከመኪና ሥር የማትነሳ ልጅ ጥቂት አይደለችም፤ ዝምድናው የሕጉን ግዴታ አያስቀርም።

ከፋብሪካው ስለ መልቀቅ፣ ይኸው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የ30 ቀን ቅድመ ማስጠንቀቂያ ይጠይቃል። ከደመወዝ በተጨማሪ የሚያጡትን አብረው ያስሉ፦ ለጡረታ እርስዎ 7 በመቶ ሲያዋጡ አሠሪው 11 በመቶ እየጨመረልዎ ነው፤ ልጅ ለመውለድ ካሰቡም 120 ቀን የሚደርሰው የወሊድ ፈቃድ ከነደመወዙ ነው። ቤት ሲውሉ ሁለቱንም የሚሸፍንልዎ የለም። እስኪለቁ ድረስም ከፋብሪካው የቁራጭ ጨርቅ እንኳ ወደ ቤት እንዳይገባ፤ ከሥራ መባረር ሳያንስ የወንጀል ክስ ሊያስከትል ይችላል።

ግብሩን የሚከፍሉት ለክልሉ ነው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት ከግለሰብ ነጋዴ ግብር የሚሰበስበው ክልል ነው። የዕለት ገቢና ወጪዎን በደብተር ካልያዙ የሚከራከሩበት ማስረጃ ስለማይኖርዎ ገቢዎ በግምት ይወሰናል።

እንደኔ አስተያየት ሥራው ለእርስዎ የሚሆን ይመስለኛል፤ ሙያውም ገበያውም አለዎት። ቅደም ተከተሉን ግን ይለውጡት፦ መጀመሪያ ቤቱ፣ ቀጥሎ ፈቃዱ፣ ከዚያ መኪናው፣ በመጨረሻ የሥራ መልቀቂያው። ለአከራይዎ በጽሑፍ አቅርበው በምስክር ፊት የሚያስፈርሙት ሐረግ ይህን ያህል አጭር ሊሆን ይችላል፦ «ተከራይ ከቤቱ አንዱን ክፍል በሕጋዊ ፈቃድ ለልብስ ስፌት ሥራ እንድትጠቀምበት ተስማምቻለሁ፤ ሥራው ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ አይሠራም።» አከራይዎ ይህን አልፈርምም ካሉ፣ መኪናውን ከመግዛትዎ በፊት ሌላ ቤት ይፈልጉ።