ዲቢኤ ለመሆን ከየት ልጀምር?

ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ፣

በኢንፎርሜሽን ሲስተም ተመርቄ አዲስ አበባ በአንድ የኢንሹራንስ ድርጅት ሄልፕ ዴስክ ላይ እሠራለሁ። ፕሪንተር አስተካክላለሁ፣ ፓስወርድ እቀይራለሁ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ከዳታቤዝ ሪፖርት አወጣለሁ። ልቤ ያለው እዚያ ነው። ዳታቤዝ የሚጠየቅበት ቋንቋ፣ ኤስኪውኤል፣ አያስቸግረኝም። የዳታቤዝ አስተዳዳሪ (ዲቢኤ) መሆን ብፈልግም ማስታወቂያው ሁሉ «የ3 ዓመት ልምድ» ይላል፤ ልምዱን ማን ይስጠኝ? አንዱ የኦራክልን ዳታቤዝ ተማሪ ይለኛል፣ ሌላው ሰርተፊኬት ይቅደም፣ ሌላው ደግሞ ክላውድ መጥቶ ሙያው አልቆለታል ይላል። ምን ይመክሩኛል?

መ. ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

ውድ መ.፣

ዲቢኤ የሚቀጠረው ከሁሉ በፊት የጠፋ ዳታ እንዲመልስ ነው። ፍጥነቱም፣ የተጠቃሚ ፈቃዱም ከዚያ በኋላ ይመጣል። ስለዚህ ብዙ ኮርሶች መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጡትን ሪስቶርን፣ ማለትም ከመጠባበቂያ ቅጂ (ባክአፕ) ዳታ መመለስን፣ አንቺ ከፊት አድርጊው።

«ባክአፕ አለን» ማለት ምን ያህል ባዶ ሊሆን እንደሚችል ጊትላብ በተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ ላይ የደረሰው ያሳያል። ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. አንድ ኢንጂነር የተጠባባቂውን ሰርቨር ዳታ ያጠፋሁ መስሎት የዋናውን አጠፋ፤ ከ300 ጊጋባይት ገደማ የተረፈው 4.5 ያህሉ ብቻ ነበር። ባክአፑ ሲፈለግ የለም። ባክአፕ የሚወስደው ፕሮግራም ቨርዥን 9.2፣ ዳታቤዙ ግን 9.6 ስለነበር ሥራው በየጊዜው ይከሽፍ ነበር፤ ያንን የሚያሳውቀው ኢሜይልም በተቀባዩ ሰርቨር እየተመለሰ ማንም ሳያየው ቀረ። ያዳናቸው ከአደጋው 6 ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ለሌላ ሥራ የተወሰደ የዲስክ ቅጂ ነው።

ለመለማመጃ ፖስትግረስ የሚባለውን ዳታቤዝ ምረጪ፤ ነፃ ነው፣ የተቆለፈ ነገርም የለውም። 8 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ ይበቃል። ቨርቹዋልቦክስ ላይ (አንድ ላፕቶፕ ውስጥ ሌሎች ማሽኖች የሚያስነሳ ፕሮግራም ነው) ሁለት ኡቡንቱ ሰርቨር ጫኚ፤ ለእያንዳንዱ 2 ጊጋ ራምና 25 ጊጋ ዲስክ ስጪው፣ የፖስትግረሱ ቨርዥን አንድ ዓይነት ይሁን። ፒጂቤንች በሚባለው የፖስትግረስ መሞከሪያ ስኬሉን (የዳታውን መጠን) 50 ብትዪው 5 ሚሊዮን ረድፍ ይፈጥርልሻል። አርካይቭ ሞድን (ለውጦች የሚመዘገቡባቸውን የሎግ ፋይሎች ወደ ሌላ ቦታ የሚያስቀዳውን ቅንብር) አብሪ፤ ሪሎድ አይበቃውም፣ ሪስታርት ይፈልጋል። የሎግ ፋይሎቹ ወደ ሁለተኛው ማሽን እንዲቀዱ አርካይቭ ኮማንዱን ጻፊና በፒጂ ቤዝባክአፕ ሙሉ ቅጂ ውሰጂ። ትንሽ ዳታ ጨምሪ፣ ሰዓቱን መዝግቢ፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ሠንጠረዡን ድሮፕ አድርጊው (አጥፊው)። አሁን ሁለተኛው ማሽን ላይ፣ ቅጂውን ዘርግተሽ፣ ሪስቶር ኮማንዱንና የመመለሻውን ሰዓት ሞልተሽ፣ «ሪከቨሪ ሲግናል» የሚባለውን ባዶ ፋይል ፈጥረሽ አስነሺው።

መጀመሪያ ላይ እንቢ ማለቱ አይቀርም፤ ትምህርቱም እሱ ነው። አንዱ ጣጣ ሰዓት ነው። ሠንጠረዡ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ከጠፋ በፈረንጅ አቆጣጠር 14፡00 ነው፤ ሰርቨሩ ግን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ከእኛ በ3 ሰዓት ወደኋላ) ከሆነ 11፡00 ይላል። ልዩነቱን ሳትገልጪ 14፡00 ብለሽ ብትጽፊ ሦስት ሰዓት ወደፊት ሄደ ማለት ነው፤ ወይ «የተባለው ሰዓት ሳይደርስ ሎጉ አለቀ» ብሎ ይቆማል፣ ወይ ድሮፑን ራሱን ይደግመዋል። ስለዚህ ከሰዓቱ ጎን ሁልጊዜ +03 ጨምሪ። ሁለተኛ፣ የሎግ ፋይል በነባሪው 16 ሜጋባይት እስኪሞላ አይቀዳም፤ ሥራ በሌለው ሰርቨር ላይ የመጨረሻዎቹ ለውጦች ገና ሳይላኩ ሊቀሩ ይችላሉ። ፒጂ ስዊች ዋል የሚባለውን ትዕዛዝ ጠርተሽ አስቀጂው። ሦስተኛ፣ ዳታው ተመልሶ ይታያል፣ መጻፍ ግን አይቻልም፤ አልተበላሸም፣ የተባለው ሰዓት ላይ ደርሶ ፖዝ ስላደረገ ነው፣ ፕሮሞት አድርጊው (መጻፍ ወደሚቻልበት ዳታቤዝ ቀይሪው)። ከዚያ ሆን ብለሽ አርካይቭ ኮማንዱን አበላሺና ፒጂቤንች እየሠራ ተዪው። ያልተቀዱት ሎጎች ዲስኩን ይሞሉትና ዳታቤዙ ይቆማል። ይህን ላፕቶፕሽ ላይ ያየሽ ሰው ሥራ ቦታ ላይ አትደነግጪም።

ወደ ኦራክልና ኤስኪውኤል ሰርቨር መሄድሽ አይቀርም፤ የአገራችን ባንክና ኢንሹራንስ ማስታወቂያ እነሱን ይጠይቃል። ኦራክል ነፃውን ቅጂ እስከ 12 ጊጋ ዳታ ይፈቅዳል፤ ኤስኪውኤል ሰርቨርም ለልምምድ ብቻ የሚውል ነፃ ዴቨሎፐር ኤዲሽን አለው። እዚያ ስትደርሺ አማርኛ ላይ አተኩሪ፤ የውጭ ኮርስ ይህን አይነካውም። ኦራክል ላይ ርዝመቱ 20 የተባለ የቫርቻር (የጽሑፍ) ዓምድ በነባሪው የሚቆጥረው ባይት ነው፤ በዩቲኤፍ-8 የፊደል ኮድ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ «ወልደገብርኤል» በ24 ባይቱ አይገባም፣ ኦራ-12899 ስህተት ይመጣል። ዓምዱ ሲፈጠር ርዝመቱ በፊደል እንዲቆጠር አድርጊ። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ስሙ ወደ ተራ ቫርቻር ከገባ በጥያቄ ምልክት ይተካል፣ ከዚያ ወዲያ ምንም አይመልሰውም፤ የግዕዝን ፊደል የሚቀበለውን ኤንቫርቻር ተጠቀሚ፣ ከጥቅሱም ፊት ኤን ፊደልን አትርሺ። የኢትዮጵያን ቀን በዴት ዓምድ ማስቀመጥም ያው ነው፤ ወሩን በፈረንጅ ስለሚቆጥር 13ኛውን ወር ጳጉሜንና (2ኛ ወር የሆነውን) ጥቅምት 30ን አይቀበልም። የሚብሰው ግን ሌሎቹን ቀናት ዝም ብሎ መቀበሉ ነው፤ የፖሊሲ ማብቂያ ቀን ሲሰላ ነው ጉዱ የሚወጣው። በፈረንጁ አስቀምጪ፣ ሲታይ ብቻ ቀይሪ።

ልምዱን የሚሰጥሽ አሁን ያለሽበት መሥሪያ ቤት ነው። የፕሮዳክሽን (በሥራ ላይ ያለው ዳታቤዝ) ፓስወርድ አትጠይቂ፤ ያርቁሻል። ለሲስተም ክፍሉ ኃላፊ «ባክአፑን በየወሩ ትርፍ ማሽን ላይ ሪስቶር አድርጌ ልፈትሽ» በዪ። ማንም የማይወደው ሥራ ስለሆነ እንቢ የሚልሽ ጥቂት ነው። ማሽኑ የድርጅቱ ይሁን፣ ግቢውም ውስጥ ይቆይ፤ የደንበኛ ዳታ ላፕቶፕሽ ላይ እንዳይገባ። በየወሩ ግማሽ ገጽ ጻፊ፦ የፋይሉ መጠን፣ የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት፣ የዋና ዋና ሠንጠረዦች የረድፍ ብዛት፣ የወደቀ ካለ ምክንያቱ። ቃለ መጠይቅ ላይ ይዘሽ የምትቀርቢው ይህን ወረቀት ነው፣ የደንበኛ ስም እንዳይኖርበት ብቻ።

ሰርተፊኬቱ የማመልከቻ ማጣሪያውን ያሳልፍሻል፤ ገንዘብ ካለሽ ከዚህ ሁሉ በኋላ ውሰጂው። ክላውድን በተመለከተ፣ የአማዞን የክላውድ ዳታቤዝ አገልግሎት፣ አርዲኤስ፣ አውቶማቲክ ባክአፑን ቢበዛ 35 ቀን ይይዛል፣ ሲመልስም አሮጌው ላይ ሳይሆን አዲስ ሰርቨር አስነስቶ ነው። ዌር የሌለው ዴሊት (የትኛው ረድፍ እንደሚጠፋ ስላልተገለጸ ሁሉንም የሚያጠፋ ትዕዛዝ) ከ40 ቀን በኋላ ቢታወቅ አርዲኤስ ብቻውን አያድንሽም፤ ተጨማሪ ቅጂ ለስንት ጊዜ ይቀመጥ ብሎ የሚወስን፣ ፕሮግራሙንም ወደ አዲሱ አድራሻ የሚያዞር ሰው አሁንም ይቀጠራል።