ግድግዳው ካልተሰነጠቀ ሆስፒታሉ ደህና ነው ወይ?

ወንድሜ፣ ከመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ግድግዳው ካልተሰነጠቀ ሆስፒታሉ ወዲያው ሥራ ይጀምራል ወይ ላልከው፣ ግድግዳ ብቻ ማየት አይበቃም። ሎስ አንጀለስ ያለውን ኦሊቭ ቪው ሆስፒታል ውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1971 በሳን ፈርናንዶው መንቀጥቀጥ ገና አዲስ ሳለ ክፉኛ ተጎዳ። ፈርሶ እንደገና ተሠራ፤ በጣም ጠንካራ ተደርጎ። በ1994 እዚያው ሎስ አንጀለስ ያለው ኖርዝሪጅ የተባለ ሰፈር ሲናወጥ ሕንፃው ቀጥ ብሎ ቆመ። ግን የእሳት ማጥፊያው የውሃ ቧንቧዎች ተሰብረው ውሃው ወደ ክፍሎቹ ወረደ። ሕሙማኑን ማስወጣት ግድ ሆነ።

ስለዚህ መሐንዲሱ ኮለኑንና ቢሙን፣ ማለትም ሕንፃውን የተሸከሙትን ምሰሶና አግዳሚ ይይ፣ አንተ ደግሞ ቀና በልና ኮርኒሱን እይ። ያበጠ ወይም የረጠበ ቦታ አለ? የኦክስጅን መስመሩስ ያፈሳል? ጄኔሬተሩን አስነስተህ ሞክረው። ብዙ ሰው የሚረሳው የጄኔሬተሩን ማስነሻ ባትሪ ነው፤ ከመደርደሪያው ወድቆ ከተሰበረ ያ ሁሉ ማሽን ቁልፍ ቢጫኑት ትንፍሽ አይልም።