ካምቢዮ ላይ የታሰረው ክንድ ይችላል ወይ?

ጥያቄ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ለገጣፎ ነው። አጎቴ አገር ለቆ ከሚሄድ አንድ የውጭ ሰው እ.ኤ.አ. የ1999 ካማሮ የምትባል የአሜሪካ ስፖርት መኪና ገዝቶ ነበር፤ አሁን ለኔ አስረክቦኛል። ሞተሯ ኤል ኤስ 1 ነው፣ ካምቢዮዋ ባለ ስድስት ማርሽ። ሱፐርቻርጀር፣ አየር በግፊት ወደ ሞተሩ እየጨመረ ጉልበት የሚሰጠውን፣ ላስገባላትና ከኋላ ሰፋ ያለ፣ አስፋልት የሚነክስ ጎማ ላደርግላት አስቤያለሁ። ጓደኞቼ ግን አስፈራሩኝ። ከዲፈረንሻሉ ተነስቶ ካምቢዮው ጅራት ላይ የሚታሰረው ረጅም ብረት፣ ቶርክ አርም የሚሉት፣ ጉልበት አይችልም፣ ካምቢዮህን ይሰብርብሃል አሉኝ። አንደኛው ደግሞ ጫፉ ላይ ያለውን ጎማ አውጥተህ ድፍን ብረት አስገባበት ይላል። ምን ይሻለኛል?

አንባቢ፣ ከለገጣፎ

መልስ

ወንድሜ፣ ጎረቤት ነን። ጋራዤ ከለገጣፎ አለፍ ብሎ በሰንዳፋ መንገድ ዳር ነው። ባለፈው ቅዳሜ በጋራዤ በር አልፎ የሄደው ያ ጎርናና ድምፅ ያንተ ከሆነ ዕዳ አለብህ። ሁለቱ ልጆቼ ቁልፋቸውን መሬት ላይ ጥለው አስፋልቱ ድረስ ሮጡ። የፈታነው ሃይሉክስ እስከ ምሳ ክሪክ ላይ ተሰቅሎ ቆየ።

ጓደኞችህ የነገሩህ ግማሹ እውነት ነው። ክንዱ ራሱ ሲሰበር በዓይኔ አላየሁም። የሚሰነጠቀው እሱን ያቀፈው የካምቢዮው ጅራት ነው። አልሙኒየም ነዋ። እሱም ቢሆን በጉልበት ብቻ አይሰነጠቅም፤ አብሮት ሌላ ጥፋት ይኖራል። ወደዚያ እመጣለሁ።

መጀመሪያ ክንዱ ምን እንደሚሠራ እንተዋወቅ። ነዳጅ ስትሰጥ የኋላ ጎማዎች ወደፊት ይዞራሉ። ዲፈረንሻሉ ያለበት ቤት ደግሞ በተቃራኒው ወደኋላ መገልበጥ ይፈልጋል፤ አፍንጫው ወደ ላይ ይነሳል። አይሱዙ ላይ ይህን የሚይዘው ባሌስትራው ነው። ጭነት የያዘ አይሱዙ ዳገት ላይ ሲነሳ ከጎኑ ቆመህ ባሌስትራውን እይ፤ እንደ እባብ ይጥመለመላል። ካማሮም እ.ኤ.አ. እስከ 1981 ድረስ ከኋላ ባለ ባሌስትራ ነበረች። ከ1982 ጀምሮ በሞላ ተተካ። ሞላ ደግሞ ክብደት ይሸከማል እንጂ ጥምዘዛ አይዝም። ስለዚህ ከዲፈረንሻሉ ጋር በቡሎን ድርቅ ብሎ የታሰረ ረጅም ክንድ ወደፊት ሰደዱና ጫፉን በጎማ አቅፈው ካምቢዮው ጅራት ላይ አኖሩት። ማምረቱ እስከቆመበት እስከ 2002 ድረስ በዚሁ ቀጠሉ። ሃያ ዓመት በማይሠራ ነገር ላይ አይቆይም።

ሐሳቡ ብልህ ነው። ካምቢዮው ራሱ በጎማ ላይ የተቀመጠ ስለሆነ፣ የዲፈረንሻሉ ጩኸትና ንዝረት ወደ ውስጥ ሳይገባ እዚያው ይቀራል።

አሁን ሒሳብ እንሥራ። የሞተርህ ቶርክ፣ ማለትም የማዞር ጉልበቱ፣ በፋብሪካው ቁጥር 454 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። አንደኛ ማርሽ 2.66 ጊዜ ያበዛዋል። ዲፈረንሻሉ እንደገና 3.42 ጊዜ ያበዛዋል። የኋላ ጎማዎቹ ጋ ሲደርስ ወደ 4,130 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ክንዱን 1.2 ሜትር ነው ብለን እናስብ። ጫፉ የካምቢዮውን ጅራት ወደ ላይ የሚገፋው በ3,440 ኒውተን ገደማ ነው ማለት ነው። በኛ ሚዛን ሦስት ኩንታል ተኩል ጤፍ። ከታች ወደ ላይ።

ይህ ባሕር ዳርቻ ላይ ነው። እኛ ያለነው ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ነው፣ ሞተሩ ከጉልበቱ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል እዚህ ያጣል። ስለዚህ ዛሬ፣ እንዳለች፣ ካምቢዮህ ላይ የሚያርፈው ሦስት ኩንታል አይሞላም። ይህን በደንብ ይችላል። ሱፐርቻርጀሩ ግን ከፍታው የቀማህን ይመልስልሃል፣ ከዚያም ላይ ይጨምራል።

ጓደኞችህ የረሱት ነገር አስፋልት የሚረግጠውን የኋላ ጎማ ነው። ተራ ጎማ እስከዚያ ድረስ ሳይደርስ ይንሸራተታል። ሲንሸራተት ክንዱ ላይ ያለው ጫና ይቀንሳል። ልክ እንደ ቤት ፊውዝ ነው፤ ሌላው ዕቃ ከመቃጠሉ በፊት እሱ ይሄዳል። አስፋልት የሚነክስ ጎማ ስታስር ፊውዙን ነቅለህ ሽቦ አስገባህበት ማለት ነው። በዚያ ላይ ሞተሩን አስጩኸህ ፍሪሲዮኑን ባንዴ ብትለቀው፣ የሚዞረው የሞተሩ ክብደት ሁሉ በቅጽበት ይመጣል። ያኔ የቅድሙ ሒሳብ አይሠራም፤ ምቱ ከሦስት ኩንታል ተኩሉ በብዙ ይበልጣል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ኋላው ሲዘልል ነው። ጎማው ይነክሳል፣ ይለቃል፣ ይነክሳል፣ ይለቃል። ክንዱ ያኔ መዶሻ ይሆናል። ኋላዋ መዝለል ከጀመረች ወዲያው እግርህን ከነዳጁ አንሳ። በእልህ አትግፋት።

ድፍን ብረት አስገባበት ስላለህ ጓደኛህ አሁን ላውራህ። እኔም አንዴ እንደሱ አስቤ ነበር፤ አፍሬበታለሁ።

ከዓመታት በፊት ነው። ካንተዋ በፊት የነበረችውን ካማሮ፣ እ.ኤ.አ. የ1989ኙን፣ አንድ ደንበኛ አመጣልኝ። የክንዱ ጫፍ ጎማ በዘይት ርሶ እንደ ማስቲካ ሆኗል። ሶማሌ ተራን ሁለት ቀን ዞርኩ፤ የለም። ቶርኖ ቤት ሄጄ በልኩ ከአልሙኒየም አስጠረብኩ። እጄ ላይ ሳየው እንዴት ያምራል! ገጠምኩት፣ መኪናዋ ስትነሳ ቀጥ አለች። ደንበኛው መርቆኝ ሄደ።

በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰ። የካምቢዮ ዘይት ይሸታል አለኝ። ከሥሯ ገባሁ። ጅራቱ እርጥብ ነው፤ ግን ከየት እንደሚያፈስ አይታይም። በቤንዚን አጠብኩት፣ በጨርቅ አደረቅኩት፣ የልጄን ጠመኔ ፈጭቼ ነሰነስኩበት። ከዚያ ሞተሩን አስነስቼ ጠበቅኩ። ነጩ ዱቄት ላይ ቀስ ብሎ አንድ ጥቁር መስመር ወጣ። ከፀጉር የቀጠነ ነው። ክንዱ ከሚታቀፍበት ቦታ ተነስቶ ዙሪያውን ግማሽ ድረስ ሄዷል። ያንን መስመር እያየሁ ከመኪናዋ ሥር ብዙ ቆየሁ። የካምቢዮው ጅራት ዋጋ ከኪሴ ወጣ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። መኪናዋ ጉድጓድ ስትገባ ዲፈረንሻሉ ወደ ላይና ወደ ታች ሲል፣ የክንዱ ጫፍ ትንሽ ወደፊትና ወደኋላ መንሸራተት አለበት። ጎማው ይህን ይፈቅድለታል። እኔ ድፍን አልሙኒየም ሳስገባበት መሄጃ አሳጣሁት። የለገጣፎን ኮብልስቶን ታውቀዋለህ። በየጉድጓዱ ጅራቱን ይጎትታል፣ ይገፋል። ያ ደንበኛ ሲሮጥ አልሰበራትም፤ ዳቦ ሊገዛ ሲሄድ ነው የሰበራት።

እንግዲህ ያንተ ጉዳይ። ሱፐርቻርጀር ብቻ አስገብተህ የኋላ ጎማዎቹን ተራ ካደረግካቸው ክንዱ ባለበት ይቆይ። ግን ሁለት ነገር አዲስ ይሁን፤ የክንዱ ጫፍ ጎማና ካምቢዮው የተቀመጠበት ጎማ። ይሄ ሁለተኛው ከተቀደደ ክንዱ በገፋ ቁጥር ካምቢዮው ከቦታው ይነሳል፣ ወለሉን ይመታል። ማወቅ ቀላል ነው። በክሪክ አንሳት፣ በደንብ ደግፋት፣ ወፈር ያለ ብረት ከካምቢዮው ሥር አስገብተህ ወደ ላይ አንሳው። ብዙ ከተነሳ ጎማው ሞቷል።

የሚነክሰውን ጎማ የግድ ካልክ ግን ክንዱን ከካምቢዮው አላቀው። እዚህ ላይ አልከራከርም። የካምቢዮው መሸከሚያ ብረት የሚታሰርባቸውን የአካሏን ቦታዎች ተጠቅመህ ወፍራም ተሻጋሪ ብረት ታሠራለህ፤ የክንዱ ጫፍ እዚያ ላይ ያርፋል። ከውጭ ተሠርቶ የሚመጣ አለ፤ ከቻልክ እሱን አስመጣ። ካልቻልክ ጥሩ በያጅ ፈልግ። ለአጥር በር የሚሠሩበትን ስስ ቱቦላሬ ግን እንዳታስነካው። ጫፉም ወደፊትና ወደኋላ መንሸራተት የሚችል ይሁን፤ የኔን ስህተት እዚያ እንዳትደግመው። ውስጥ ጩኸት ይጨምርብሃል። ካምቢዮው ከምቱ ሲድን ጩኸቱ ወዳንተ መጣ፤ ተቀበለው።

ደግሞ አሳጥረው የሚሉህ ይኖራሉ። አጭር ክንድ ስትነሳ ኋላውን አስፋልት ላይ በደንብ ይጫነዋል፣ እውነት ነው። ፍሬን ስትይዝ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ወደ ታች ይወርዳል፣ ክንዱ ጫፉ ላይ ያለውን ወደ ታች ይጎትታል፣ ኋላው ቀልሎ መዝለል ይጀምራል። የእንጦጦን ቁልቁለት በዚህ ዓይነት መኪና መውረድ አልፈልግም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ጓደኞችህ አላነሱትም። ከካምቢዮው ጅራት በፊት የሚያልቅብህ ዲፈረንሻሉ ነው። የፋብሪካዋ ዲፈረንሻል ትልቁ ጥርስ ስፋቱ 194 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ለዚያ ሞተር ትንሽ ነው። ሱፐርቻርጀርና የሚነክስ ጎማ አንድ ላይ ከሆኑ መጀመሪያ የምትሰማው ስብርባሪ ከዚያ ነው። ገንዘብህ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ እሱን አስቀድም።

የሰንዳፋ መንገድ ደግሞ የአህያና የጋሪ ነው። እኔም ዳሩ ላይ ነኝ።

ጥያቄ

ጋሽዬ፣ ሰበታ የአይሱዙ ባለቤት ነኝ። ሾፌሬ መኪናው ሲነሳ ከኋላ «ጓ» ይላል ይለኛል። ካምቢዮ ይቀየር ብሎ ትልቅ ሂሳብ አምጥቶብኛል። እውነቱን ነው?

እህታችሁ፣ ከሰበታ

መልስ

እመቤት፣ ካምቢዮውን አትንኪው። መጀመሪያ ክሮቸራዎቹን፣ ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደውን ዘንግ መጋጠሚያዎች፣ በእጅ እያወዛወዙ ይዩልሽ። ልል ካለ እሱ ነው፣ ርካሽ ነው። ክሮቸራው ደህና ከሆነ ባሌስትራውን ከዲፈረንሻሉ ቤት ጋር የሚያስሩትን የታጠፉ ቡሎኖች ዳዶ ያጥብቁ። እነሱ ሲላሉ ቤቱ ሲነሳ ይሸሻል፣ የመሐሉንም ቡሎን ይቆርጠዋል። ባሌስትራው መሐል ላይ አዲስ የፋቀ የሚያብረቀርቅ ብረት ከታየ ቡሎኑ ላልቷል ወይም ተቆርጧል። ሲፈታ አንቺም እዚያው ቁሚ።